በየአምስት ቀኑ የሚወድቅ የዛቢክስ ሰርቨር፦ የራም አያያዝና የቨርዥን መጣጣም

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ዋና ቢሮ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ዛቢክስ የሚባለውን የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም ጭነን ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና እንጅባራ ያሉትን ስምንት ቅርንጫፎቻችንን እንከታተላለን። ሰርቨሩ 4 ጊጋ ራም፣ ኡቡንቱ 22.04 እና ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ነው። በየቅርንጫፉ ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የቅርንጫፉን ዳታ ሰብስቦ ወደ ሰርቨሩ የሚልክ ፕሮክሲ አለ። ቅርንጫፎቹ በሞባይል ዳታ፣ በኤልቱቲፒ ቪፒኤን ወደ ዋናው ማይክሮቲክ ራውተር ይገባሉ። በየአራት አምስት ቀኑ መቆጣጠሪያው ይቆማል፤ ሎጉ ‹ዳታቤዝ ኢዝ ዳውን› ይላል፤ ማሽኑን ሪስታርት ስናደርገው ይነሳል። ኢንተርኔት ላይ ባገኘነው ምክር የማይኤስኪውኤሉን በፈር ፑል (ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበት ቦታ) 3 ጊጋ፣ የዛቢክሱን የኮንፊግ ካሽ (ቅንብሩን ራም ላይ የሚይዝበት ቦታ) 512 ሜጋ አድርገናል። የአይተሙ (ዛቢክስ የሚለካው ነገር) ብዛት ከ2,000 ተነስቶ 19,000 ደርሷል፤ እኛ ግን የጨመርነው ዕቃ የለም። ሰርቨሩንና አምስት ፕሮክሲዎችን ከ5.0 ወደ 7.0 ካሳደግን ወዲህ ደግሞ 5.0 ላይ የቀሩት የሞጣ፣ የቡሬና የእንጅባራ ዳታ ጠፋ። ራሙን 8 ጊጋ ብናደርገው ይፈታል? ሦስቱን ፕሮክሲዎችስ ከማርቆስ ሳንነሳ ማሳደግ እንችላለን? የቅርንጫፎቹን ስም በአማርኛ ስንጽፍም አልቀበል ይለናል።»

መልስ፦ ራም መጨመር አይጎዳም፤ አሁን ባለው አያያዝ ግን 8 ጊጋውም መሙላቱ አይቀርም። ሰርቨራችሁ የሚወድቀው ራሙ ለሥራው አንሶ አይደለም። አንዱን ራም ለብዙ ፕሮግራም ደራርባችሁ ስለሰጣችሁትና የሚከታተለው ነገር ቁጥር ሳታውቁት በየቀኑ ስለሚያድግ ነው። የሦስቱ ቅርንጫፎች መጥፋት ከራም ጋር አይገናኝም፤ እሱ የቨርዥን ጉዳይ ነው።

ዛቢክስ በሚሞሪ ምክንያት የሚቆምባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ምልክታቸውም ይለያያል። አንደኛው የራሱ ካሽ ሲሞላ ነው። ዛቢክስ ለኮንፊግ፣ ለሂስትሪ፣ ለቫልዩና ለትሬንድ የሚሆን ሚሞሪ በተጻፈለት ልክ ይመድባል፤ ከዚያ አያልፍም። የኮንፊግ ካሹ ከሞላ ማሽኑ ላይ 10 ጊጋ ባዶ ራም ቢኖር እንኳ ‹አውት ኦፍ ሚሞሪ› ብሎ፣ ካሽሳይዝ የሚባለውን ቅንብር ከፍ አድርጉ የሚል መስመር ሎጉ ላይ ጽፎ ይወጣል። እንዲህ የቆመ ሰርቨር ሲነሳ ያንኑ ኮንፊግ እንደገና ስለሚጭን ብዙም ሳይቆይ ይደግመዋል እንጂ አምስት ቀን አይሰጣችሁም።

ሁለተኛው ራም ያለቀበት የሊኑክስ ከርነል አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ሲገድል ነው። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ራም የያዘው ላይ ስለሚወድቅ የሚመታው ማይኤስኪውኤል ነው። ዛቢክስ በዚያን ሰዓት በሕይወት አለ፤ የሚጽፍበት ዳታቤዝ ስለጠፋ ግን ‹ዳታቤዝ ኢዝ ዳውን› እያለ በየ10 ሴኮንዱ ይሞክራል። ሲስተምዲ ማይኤስኪውኤልን መልሶ ያስነሳዋል፤ የቀረው ራም ስላልተለቀቀ ተመልሶ ይመታል። የእናንተ ምልክት ይኸኛው ነው።

ከመንካታችሁ በፊት አረጋግጡ። ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን ሎግ ብቻ አውጡና ‹ኪልድ ፕሮሰስ› የሚለውን ፈልጉ። ከጎኑ የተገደለው ፕሮሰስ ስምና የያዘው ራም በኪሎባይት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማሽኑን ሪቡት አድርጋችሁት ከሆነ የአሁኑን ሳይሆን ያለፈውን ቡት ሎግ እዩ። ሰዓቱን ስታመሳክሩ ተጠንቀቁ፤ የቅርንጫፍ ሠራተኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ያለውን ግራፉ 09:00 ይለዋል፤ የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ ላይ ከቀረ ደግሞ ሎጉ ላይ 06:00 ሆኖ ነው የተመዘገበው። ሦስቱም አንድ ሰዓት ናቸው። የሰርቨሩንም፣ የዛቢክስ ገጾች የሚሠሩበትን የፒኤችፒውንም የሰዓት ቀጠና አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርጉትና ቢያንስ ሁለቱ ይታረቁ።

አሁን ለምን አምስት ቀን እንደሚቆይ። በፈር ፑሉን 3 ጊጋ ስትሉት ማይኤስኪውኤል 3 ጊጋውን በተነሳበት ደቂቃ አይሞላውም። የዳታቤዙ ገጾች ከዲስክ እየተነበቡ ሲመጡ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ የያዘውንም አይለቅም። የዛቢክስ ካሽም እንደዚያው ነው፤ 512 ሜጋ ቢመደብለትም ራሙ በእርግጥ የሚያልቀው ገጾቹ ሲጻፍባቸው ነው። ስለዚህ ሪስታርት ያደረጋችሁ ቀን ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ ሁሉም የተፈቀደለትን መጠየቅ ሲጀምር 4 ጊጋው አይበቃም። «በፈር ፑልን ከራሙ 75 በመቶ አድርጉ» የሚለው ምክር ራሱ ስህተት የለበትም፤ ግን ዳታቤዝ ብቻ ለሚያስተናግድ ማሽን የተሰጠ ነው። የእናንተ ማሽን ዳታቤዝም፣ ዛቢክስም፣ ገጾቹን የሚያቀርበውን ዌብ ሰርቨር አፓቼንም፣ ፒኤችፒንም ተሸክሟል።

በተለይ አፓቼ የሚረሳ ተበዳሪ ነው። ኡቡንቱ ላይ ከፓኬጁ ጋር በሚመጣው የፕሪፎርክ ቅንብር እስከ 150 ፕሮሰስ እንዲከፍት ተፈቅዶለታል፤ ለዛቢክስ ገጾች ደግሞ ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ እስከ 128 ሜጋ ሊወስድ ይችላል። በወረቀት ላይ 150 በ128 ሲባዛ 19,200 ሜጋ ነው። ያን ያህል በእውነት አይደርስም፤ ግን ጠዋት ሁሉም ባለሙያ ዳሽቦርዱን ከፍቶ ሲተወው፣ ዳሽቦርዱም በየ30 ሴኮንዱ ራሱን ሲያድስ፣ 20 ፕሮሰስ በአንዴ ሲነሳ ማየት የተለመደ ነው።

ለ4 ጊጋው ማሽን የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው። በፈር ፑሉ 1 ጊጋ ይሁን። ይህን ዳታቤዙን ሳታቆሙ መቀነስ ይቻላል፤ ቀጥሎ ግን ኮንፊግ ፋይሉ ላይም ጻፉት፣ አለዚያ በሚቀጥለው ሪስታርት 3 ጊጋው ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል 8.0 ከሆነ ፐርፎርማንስ ስኪማ የሚባለው የውስጥ መለኪያ ሳይነካ ከተተወ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ማሽን አጥፉት፣ የሚለቀው ራም ቀላል አይደለም። የአፓቼን ጣሪያ ከ150 ወደ 12 አውርዱ። ለስምንት ቅርንጫፍ ቡድን ይበቃል፤ 13ኛው ሰው ገጹ ጥቂት ሴኮንድ ይዘገይበታል እንጂ ሰርቨሩ አይወድቅም። የዛቢክስ ኮንፊግ ካሽ 64 ሜጋ፣ ቫልዩ ካሽ 64፣ ሂስትሪ ካሽ 32፣ የሂስትሪ ኢንዴክስ 8፣ ትሬንድ 8 ሜጋ ይሁኑ፤ ድምሩ 176 ሜጋ ነው። ኮንፊግ ካሹን ወደ 64 የምታወርዱት ግን ከታች ያለውን የአይተም ጽዳት ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ከላይ የጻፍሁት የመጀመሪያው ዓይነት ውድቀት ይገጥማችኋል። የዛቢክስ ካሾች ሁሉ የሚለወጡት ሪስታርት ሲደረግ ነው። 2 ጊጋ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፤ ስዋፒነስ የሚባለውን የከርነል ቅንብር ከ60 ወደ 10 አውርዱት።

ስትለኩ ቶፕ እንዳያሳስታችሁ። የዛቢክስ ፕሮሰሶች ካሹን የሚጋሩት ስለሆነ ቶፕ ላይ የጋራው ሚሞሪ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ስም ይቆጠራል። 60 ፕሮሰስ እያንዳንዱ 150 ሜጋ ቢያሳይ ዛቢክስ 9 ጊጋ በላ ማለት አይደለም። ኤስሜም የሚባለውን መሣሪያ ጫኑና ፒኤስኤስ የሚለውን ዓምድ ደምሩ፤ እሱ የጋራውን ለተጋሪዎቹ አካፍሎ ነው የሚያስቀምጠው። ፍሪ በሚለው ትእዛዝ ደግሞ ‹ፍሪ› የሚለውን ዓምድ ትታችሁ ‹አቬይለብል› የሚለውን እዩ፤ ሊኑክስ ትርፍ ራሙን ለፋይል ካሽ ስለሚጠቀምበት የመጀመሪያው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አቬይለብሉ ከ600 ሜጋ በታች ካልወረደ በሰላም ናችሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፦ 19,000 አይተም ከየት መጣ? ከጽሑፋችሁ በግልጽ የሚታየኝ የኤልቱቲፒው ነገር ነው። ማይክሮቲክ ላይ አንድ ቅርንጫፍ በኤልቱቲፒ ሲገባ ራውተሩ በዚያው ቅጽበት አዲስ ኢንተርፌስ ይፈጥራል፤ ስሙ በማዕዘን ቅንፍ የተከበበ ነው። መስመሩ ተቆርጦ ሲመለስ ስሙ ያው ቢሆንም የኢንተርፌስ ኢንዴክሱ አዲስ ቁጥር ይሆናል። የዛቢክስ የኢንተርፌስ ዲስከቨሪ (ኢንተርፌሶችን ራሱ ፈልጎ የሚመዘግበው ሥራ) አይተሞቹን የሚሠራው በኢንዴክሱ ስለሆነ ይህን እንደ አዲስ ኢንተርፌስ ይቆጥረውና የገባ ትራፊክ፣ የወጣ ትራፊክ፣ ስህተት፣ የተጣለ ፓኬት፣ ፍጥነት፣ ሁኔታ እያለ 9 ያህል አይተም ይፈጥርለታል። አሮጌዎቹንስ? በድሮ ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የሚመጡ የአይተም ቅንብሮች) ላይ የጠፋ ነገር ለ30 ቀን እንዲቆይ ተጽፏል። ሰርቨሩን ወደ 7.0 ስታሳድጉት ቴምፕሌቶቹ አብረው አይታደሱም፤ ስለዚህ 30 ቀኑ አሁንም አለ።

ስሌቱን ሥሩት። ዲስከቨሪው በሰዓት አንዴ ይሮጣል። ስምንት ቅርንጫፎች በቀን 10 ጊዜ ያህል አዲስ ኢንዴክስ ይዘው ቢገኙ፣ 8 በ10 በ9 በቀን 720 አዲስ አይተም ነው፤ በ30 ቀን 21,600። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ መስመር፣ በተለይ በክረምት፣ በቀን 10 ጊዜ መቆራረጥ ብዙ አይደለም። እነዚህ የሞቱ አይተሞች ዋጋ ባያመጡም ኮንፊግ ካሽ ውስጥ ቦታ ይይዛሉ፤ ፖለሮችም (ዕቃዎችን እየጠየቁ ዋጋ የሚያነቡት ፕሮሰሶች) ራውተሩን ስለ እነሱ መጠየቃቸውን አያቆሙም፤ የአይተም ዝርዝር ገጹን የሚከፍት ሰው ደግሞ ፒኤችፒውን ያስጨንቀዋል።

መፍትሔው ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱንም ሥሩ። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተጠቃሚ ቋሚ የኤልቱቲፒ ሰርቨር ባይንዲንግ ፍጠሩ፤ ያኔ ኢንተርፌሱ መስመሩ ቢቆረጥም አይጠፋም፣ ኢንዴክሱም አይለወጥም፣ ግራፉም ሳይበጣጠስ ይቀጥላል። ዛቢክስ ላይ ደግሞ በኢንተርፌስ ስም ማጣሪያው በማዕዘን ቅንፍ የሚጀምሩትን አስወጡ። ቀጥሎ ዲስከቨሪ ሩሉ ላይ የጠፉ ነገሮች የሚቆዩበትን 30 ቀን ወደ 1 ቀን አውርዱና ዲስከቨሪውን በእጅ አስሩጡ። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው መውረድ አለበት። በ1 ቀን መተው ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ አንድ ቅርንጫፍ ስዊቹን ለሁለት ቀን ነቅሎ ፖርት ቢቀይር የዚያ ፖርት ያለፈ ታሪክ ይጠፋል። ጽዳቱ ሲያልቅ ወደ 7 ቀን መልሱት።

ራውተሮቻችሁ ራውተርኦኤስ (የማይክሮቲክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) 7 ከሆኑ ኤልቱቲፒውን ትታችሁ ወደ ዋየርጋርድ ቪፒኤን መሄድም ይቻላል፤ ኢንተርፌሱ ከመጀመሪያውም ቋሚ ነው። ቅርንጫፎቹ የሞባይል ኔትወርኩ «ናት» (አንድ አድራሻን ለብዙዎች የሚያጋራ አሠራር) ውስጥ ስለሆኑ የኪፕአላይቩን (መስመሩን ክፍት የሚያቆየውን ምልክት) ጊዜ 25 ሴኮንድ አድርጉት። ራውተርኦኤስ 6 ዋየርጋርድ የለውም፤ 16 ሜጋ ስቶሬጅ ብቻ ያላቸውን ትንንሽ ራውተሮች ደግሞ በርቀት ወደ 7 ለማሳደግ አትሞክሩ። ቦታ አጥሮት መሀል ላይ ከቀረ ሰው ሞጣ ድረስ መሄዱ ነው።

የፖለር ቁጥርም ይታይ። አንዳንዱ የድሮ ኮንፊግ ውስጥ ፖለር 50፣ 100 ተብሎ ይገኛል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን የዳታቤዝ ኮኔክሽን ይከፍታል፤ የማይኤስኪውኤል መነሻ ጣሪያ 151 ነው። በ7.0 ዎክ እና ጌት በሚሉት አዳዲስ የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃዎች የሚጠየቁበት ፕሮቶኮል) አይተሞች የተጻፉ ቴምፕሌቶች በአንድ ፖለር እስከ 1,000 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያስተናግዱ ያ ሁሉ ፖለር አያስፈልግም። በአሮጌው አጻጻፍ ያሉት አይተሞች ግን አሁንም በድሮው ፖለር ነው የሚሄዱት። ለእናንተ መጠን 10 የድሮ ፖለርና 1 የኤስኤንኤምፒ ፖለር ይበቃል።

ሂስትሪ ካሽ ሲሞላ ትርጉሙ ሌላ ነው። እሱ ወደ ዳታቤዝ ለመጻፍ ተራ የሚጠብቅ ዳታ ያለበት ስለሆነ መሙላቱ ዲስኩ ወይም ዳታቤዙ መዘግየቱን ይነግራችኋል። ወፍጮው ካልፈጠነ የሰልፉን ቦታ ማስፋት ወረፋውን አያሳጥረውም። ረጅም የመስመር መቋረጥ ካለፈ በኋላ ግን ስምንቱም ፕሮክሲዎች ያጠራቀሙትን በአንዴ ስለሚልኩ ለጥቂት ጊዜ ቢሞላ አትደንግጡ፤ አጠቃቀሙ 80 በመቶ ሲደርስ ሰርቨሩ ራሱ ከፕሮክሲዎች መቀበሉን ይገታል፣ ወደ 60 ሲወርድ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል።

አሁን ሦስቱ ፕሮክሲዎች። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የ7.0 ሰርቨር ከ7.0 ፕሮክሲ ጋር ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ከ6.0 እስከ 6.4 ያለ ፕሮክሲ ‹አውትዴትድ› ይባላል፤ ዳታ መሰብሰቡን ይቀጥላል፣ አዲስ የኮንፊግ ለውጥ ግን አይደርሰውም። ከ6.0 በታች ያለ ፕሮክሲም ሆነ ከሰርቨሩ የበለጠ አዲስ ፕሮክሲ ጭራሽ አይደገፍም። የእናንተ ሦስቱ 5.0 ስለሆኑ እየሠሩም፣ እየላኩም፣ ሰርቨሩ አይቀበላቸውም። ኤጀንት (በሚከታተሉት ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የዛቢክስ ፕሮግራም) ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ የ5.0 ኤጀንት ከ7.0 ሰርቨርና ፕሮክሲ ጋር ይሠራል። ከሰርቨሩ የበለጠ አዲስ ኤጀንት መጫን ነው የማይፈቀደው። ስለዚህ የየቅርንጫፉን ኮምፒውተር ኤጀንት ለማሳደግ አትቸኩሉ፣ ፕሮክሲዎቹን አስቀድሙ።

ከማርቆስ ሆኖ ማሳደግ የሚቻለው በፓዩ ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለ7.0 ፓኬጅ ካለው ነው። መጀመሪያ ቨርዥኑንና 32 ቢት ወይም 64 ቢት መሆኑን እዩ። ደቢያን 10 ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ የዚያ ድጋፍ በ2024 አብቅቷል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በርቀት ለማሳደግ አትድከሙ። 32 ቢቱን ወደ 64 ቢት በቦታው መለወጥም አይቻልም። እንዲህ ከሆነ አዲስ ሚሞሪ ካርድ ማርቆስ ላይ አዘጋጁ፤ የፕሮክሲውን ስም፣ የፒኤስኬ (የምስጠራ) ቁልፍና የቪፒኤን አድራሻ አስገቡበት፣ ቢሯችሁ ባለ ትርፍ ፓይ ፈትኑት፣ ከዚያ በመኪና ላኩት። ቅርንጫፍ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ በስልክ እየተመራ አጥፍቶ ካርድ መቀየር ይችላል። አሮጌው ካርድ ሳይነካ ይቀመጥ።

ፓኬጁ ካለ ግን በርቀት ይሠራል። ኤስኤስኤች ገብታችሁ ቲመክስ ወይም ስክሪን ውስጥ ሥሩ፤ መስመሩ መሀል ላይ ቢቆረጥ ጭነቱ እዚያው ይቀጥላል። ይህን የዘለለ ሰው ፓኬጁን ግማሽ ላይ ያስቀረዋል። የፕሮክሲውን ኮንፊግ ፋይልና የቁልፍ ፋይሉን ቅጂ ያዙ። የ7.0ን ሪፖዚተሪ አስገብታችሁ ፓኬጆቹን በመጀመሪያ ማውረድ ብቻ አድርጉ፤ ሁሉም ወርዶ ካለቀ በኋላ ፕሮክሲውን አቁሙና ጫኑ። ጫኙ የድሮውን ኮንፊግ ልተካ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የራሳችሁን አስቀሩ። የፕሮክሲው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ከሆነ በቨርዥን መካከል አይሻገርም፤ አሮጌውን ፋይል በእጃችሁ ስሙን ቀይራችሁ አስቀምጡት፣ ፕሮክሲው ሲነሳ አዲስ ይፈጥራል። አሮጌው ውስጥ ያልተላከ ዳታ ካለ አይመለስም። አስነስታችሁ ሎጉን ተከታተሉ፤ ሰርቨሩ ላይ በፕሮክሲዎች ዝርዝር ውስጥ ቨርዥኑ 7.0 ተብሎ ቀይ ምልክት ሳይኖረው መታየት አለበት። ካልታየ በመጀመሪያ የፕሮክሲውን ስም ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ከፕሮክሲው ወደ ሰርቨሩ 10051 ፖርት መድረሱን፣ ከዚያ የፒኤስኬውን መለያ ስም ፈትሹ። አንዱን ቅርንጫፍ ጨርሳችሁ አንድ ቀን ካያችሁት በኋላ ወደ ሚቀጥለው ሂዱ።

 

ፕሮክሲውን ስታሳድጉ መስመር ሲቋረጥ ዳታ የሚያቆይበትን ጊዜም አስተካክሉ። ሳይነካ ከተተወ 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የቆየ ያልተላከ ዳታ ይጣላል። 72 ሰዓት አድርጉት። አንድ ቅርንጫፍ 300 አይተም በየ2 ደቂቃው ቢያነብ በሴኮንድ 2.5 ዋጋ ነው፤ በ72 ሰዓት 648,000፤ ለአንዱ 90 ባይት ብንይዝ 58 ሜጋ ያህል። ለሚሞሪ ካርዱ ምንም አይደለም።

በ7.0 ዳታውን በራም ላይ ማቆየትም ይቻላል፤ ሃይብሪድ የሚባለው አሠራር በራም ይዞ፣ ሲሞላ ወይም ፕሮክሲው በሥርዓት ሲቆም ወደ ዲስክ ያወርዳል። ካርዱን ከመጻፍ ብዛት ያድነዋል። የእኛ አካባቢ ችግር ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ ቀድሞ ይጠፋል፣ ከሰዓታት በኋላ መብራቱ ይከተላል። ያኔ በራም የተጠራቀመው ሁሉ መብራት በጠፋበት ሴኮንድ አብሮ ይሄዳል። ፓዩ በሥርዓት የሚያጠፋው ዩፒኤስ ከሌለው ዲስክ የሚለውን ምረጡ። ከድሮ የመጣ ኮንፊግ ከሆነ ይህ መስመር ስለሌለው ራሱ በዲስክ ነው የሚሠራው።

ሌላው የፓይ ነገር ሰዓት ነው። ከራስበሪ ፓይ 5 በፊት ያሉት ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱን መጨረሻ ካስቀመጡበት ይቀጥላሉ፤ ኢንተርኔት ካላገኙ ደግሞ የሚያርማቸው የለም። መስመር ሳይኖር ለአንድ ቀን የተለካው ሁሉ በተሳሳተ ሰዓት ይመዘገባል፤ ከጥገና በኋላ ግራፉ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ጊዜ የምታዩት በዚህ ነው። ዲኤስ3231 የሚባለው ትንሽ የሰዓት ሞጁል ከአንድ ክብ ባትሪ ጋር በፓዩ ፒኖች ላይ ይሰካል፤ ካርድ ስትልኩ አብራችሁ ላኩት።

ኤስኤንኤምፒ በቪፒኤን ውስጥ አንዳንዱ ዕቃ ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ ‹ታይምአውት› የሚልበት የታወቀ ምክንያት አለ። በአንድ ጥያቄ ብዙ ረድፍ ሲጠየቅ መልሱ ትልቅ የዩዲፒ ፓኬት ሆኖ ይቆራረጣል፤ ከቁራጮቹ አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ሙሉው መልስ ይጠፋል። ፒንጉን እንዳይቆራረጥ አስገድዳችሁ በ1,372 ባይት ሞክሩት፤ ካላለፈ መስመሩ 1,400 አይሸከምም ማለት ነው። መፍትሔው በዛቢክስ ኢንተርፌስ ቅንብር ላይ ማክስ ሪፔቲሽንን ከ10 ወደ 5 ማውረድ ነው። ፕሮክሲው ቅርንጫፉ ውስጥ ካለ ግን ከመጀመሪያውም ኤስኤንኤምፒውን በቪፒኤን ማሳለፍ አያስፈልግም፤ የቅርንጫፉ ዕቃ ሁሉ በቅርንጫፉ ፕሮክሲ ይጠየቅ።

ኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 ብቻ የሚያውቁ አሮጌ ስዊቾች 32 ቢት ቆጣሪ ነው ያላቸው። እሱ 4,294,967,295 ባይት ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ 1 ጊጋቢት በሴኮንድ በሚሠራ ፖርት ላይ ይህ በ34 ሴኮንድ ይሞላል። በየደቂቃው ብታነቡት ግራፉ ውሸት ነው። ቨርዥን 2ሲ ወይም 3 ከቻለ ወደ 64 ቢቱ ቆጣሪ ቀይሩት። ቨርዥን 3 ላይ ዲኢኤስ የተመረጠበት ዕቃ ካለ ወደ ኤኢኤስ አዙሩት፤ አዳዲስ የሊኑክስ ስርጭቶች ዲኢኤስን እየተዉት ስለሆነ ፕሮክሲውን ባሳደጋችሁ ማግስት መልስ ሊያቆም ይችላል።

ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ዊንዶውስ 7 ካለ ኤጀንት 2 የሚባለውን አዲሱን ኤጀንት አትጫኑበት። የአሁኖቹ የተሠሩበት የጎ ቋንቋ ከ1.21 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 በታች አይደግፍም። የቀድሞውን ኤጀንት፣ የ5.0 ወይም የ6.0ውን፣ ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ በ32 ቢቱ ጫኑ።

የአማርኛው ስም አልቀበል ያላችሁ ሆስት ኔም በሚለው ሳጥን ውስጥ ስለጻፋችሁት ነው። እሱና የፕሮክሲው ስም የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ክፍት ቦታ፣ ነጥብ፣ ሰረዝና የሥር ሰረዝ ብቻ ይቀበላሉ። አማርኛውን ከሥሩ ባለው ቪዚብል ኔም ላይ ጻፉ፤ «ፍኖተ ሰላም» ብሎ ያሳያችኋል። ዳታቤዙ ዩቲኤፍ8 ወይም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ መሆን አለበት። በምስል የሚወጡት የድሮ ግራፎች ላይ ስሙ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አብሮ የመጣው ደጃቩ ፊደል ግዕዝ ስለሌለው ነው፤ የግዕዝም የላቲንም ፊደል ያለው ሌላ ፋይል ተኩበት፣ ላቲኑ ከጎደለ ቁጥሮቹም ሳጥን ይሆናሉ። ማስጠንቀቂያውን በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል እንኳ ካለ አንዱ ኤስኤምኤስ የሚይዘው ከ160 ወደ 70 ፊደል ይወርዳል። የቅርንጫፉን ስም፣ የጠፋውን ዕቃና ሰዓቱን ብቻ አስቀሩ፤ በ70 ውስጥ ይገባል።